በጠመኔ የታረመ ሸሚዝ

ፈታኙ የሚያርመው በጠመኔ ነበር።

ይህ ነገር ያኔ ግራ ያጋባኝ ነበር። የእኛ ክፍል መምህርት የምታርመው በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ደግሞ አይለቅም። አንዴ ኤክስ ከተደረገብህ ዓመቱን ሙሉ ደብተርህ ላይ ተቀምጦ ያፈጥብሃል። ፈታኙ ግን እናቴ የሰፋችውን ሰማያዊ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር አውርዶ ኮሌታውን፣ ትከሻውን፣ እጅጌውን ይለካል። ከዚያ ከደረት ኪሱ ነጭ ጠመኔ ያወጣና ከስፌቱ ጎን አንድ አጭር መስመር ያሰምራል።

«አየሽ እህቴ?» ይላል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። «እዚህ ጋ ትንሽ ሸሸት ብሏል።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ታያለች። እኔም በእግሬ ጣቶች ቆሜ አያለሁ። ስፌቱ ከነጩ መስመር ጎን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሸሸ የተባለው ወዴት እንደሸሸ አይታየኝም። እናቴ ግን ከንፈሯን ነከስ አድርጋ፣ «እውነትዎን ነው» ትላለች።

ደግ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። በቀይ ቢያርማት ሸሚዙ ይበላሽ ነበር፤ ለእናቴ አዝኖላት ነው በጠመኔ የሚያርማት አልኩ። ከፈታኞች ሁሉ ለእኛ የደረሰን ደጉ ነው ብዬ ኮራሁ።

ጠመኔ በብሩሽ ሁለቴ ሲመታ ይለቃል። ሊሸጠው ባሰበው ልብስ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚጽፍ ነጋዴ የለም። ይህን ለመረዳት ማደግ ነበረብኝ፤ ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር ጥርሴን ያፋጨኛል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ትሠራበት የነበረው ሱቅ ባለቤቱ ሲሞት ተዘጋና ከአንድ የስፌት መኪና ጋር ቤት ቀረች። አባቴ ከዚያ በፊት ነው የሞተው፤ ፊቱን የማስታውሰው ከግድግዳችን ፎቶ ላይ ነው። ያን ክረምት፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ልትጠይቀን መጣች። የምወደውን ብስኩት ይዛልኝ መጥታ ነበርና ከአልጋው ሥር ተጋድሜ እየቆረጠምኩ የሚያወሩትን ሰማሁ።

«ልጁን እኔ ጋ ላኪው» አለች አክስቴ። «እኔ ጋ ቢያንስ ጠግቦ ያድራል። ትምህርት ሲከፈት እዚያው አስገባዋለሁ። ሲያልፍልሽ ትወስጂዋለሽ፤ ማን ይከለክልሻል?»

«ትምህርት እስኪከፈት ይታገሱኝ» አለች እናቴ። «ሥራ ካገኘሁ ልጄ የትም አይሄድም። ካላገኘሁ እርስዎን አላደክምም፤ ራሴ እጁን ይዤ አመጣልዎታለሁ።»

ብስኩቱን መቆርጠም ተውኩ። አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ብስኩት የምታመጣ ሰው ምን ክፋት አላት? ግን የምትኖረው አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሄዶ የሚደርስበት ከተማ ነው፤ እናቴ ደግሞ እዚህ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ለእኔ እንደ ውሃ ግልጽ ነበር፤ እናቴ ሥራ ካገኘች እቀራለሁ፣ ካላገኘች እሄዳለሁ።

ጎረቤታችን ፉጨቷም ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት እንዲህ ነው፤ እየሰፋች ታፏጫለችና። የእሷንና የእኛን ክፍል የሚለየው አንድ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ስለነበር የፉጨቷ ዜማ፣ የመኪናዋ ድምፅና የባሏ ሳል ሁሉ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ባሏ ሕመምተኛ ነበር። እናቴና እሷ ስኳር ይበዳደራሉ፣ ክር ይበዳደራሉ፣ ሐሜትም ይበዳደራሉ። ሥራ ፍለጋም አብረው ነው የሚወጡት፤ እኔም መሃል ገብቼ የሁለቱንም እጅ ይዤ እሄዳለሁ።

አንድ ጊዜ ደላላ ቤት ወሰዱኝ። ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አበባ አስቀምጧል። ትልቅ የልብስ ፋብሪካ እንደሚያስገባቸው፣ ጎበዝ ከሆኑ ውጭ አገር እንደሚልካቸው ሲተርክ ቆየና ወደ መመዝገቢያው ክፍያ ሲደርስ ፉጨቷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ወንድሜ» አለችው፣ «አንተ ነህ ለእኛ ሥራ የምትሰጠን ወይስ እኛ ነን ለአንተ ሥራ የምንሰጥህ?»

«ይሄ እኮ ለማመልከቻው ማስኬጃ ነው፣ እህት።»

«እግር የለውም ማመልከቻው?»

እናቴን በክንዷ ጎትታ አስወጣቻት። ደረጃውን እየወረዱ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። «ላም አለኝ በሰማይ!» እያለች ፉጨቷ መንገደኛ ዞሮ እስኪያይ ትስቃለች። «ስሚኝ» አለቻት እናቴን፣ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ሥራ የሚሰጥ ሰው ይከፍላል እንጂ አይከፈለውም። ገንዘብ ካለሽ፣ ሩጪ።»

ጥሩ ምክር ነው። ዛሬም ለሥራ ፈላጊ ሁሉ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው። እናቴንም ገደል የከተታት ይኸው ምክር ነው፤ ፈታኙ ገንዘብ አልጠየቃትማ።

ማስታወቂያው መብራት እንጨት ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የስፌት ክፍል ኃላፊ ይፈለጋል፣ አንድ ቦታ፣ የራሷ የስፌት መኪና ያላት፣ ምንም ዓይነት ክፍያ አንጠይቅም። እናቴ ያን ቀን ብቻዋን ነበረች፤ ፉጨቷ ባሏን ሐኪም ቤት ወስዳው ነበር። ቦታው አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ በረጅም ኮሪደር መጨረሻ ያለ ክፍል ነው። ውስጡ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ካውያና ግድግዳ ሙሉ ካርቶን አለ። ስፌት መኪና የለም። «መኪኖቹ በመርከብ ላይ ናቸው» አለ ፈታኙ።

እናቴ እንዳትሸወድ ቆርጣ ነበርና ገና ሳትቀመጥ፣ «ለመመዝገቢያ የሚከፈል ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው።

ፈታኙ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንዴት ተደርጎ እህቴ! ከሥራ ፈላጊ ሳንቲም መቀበል ነውር ነው። እንዲህ የሚያደርጉ አጭበርባሪዎች ከተማውን ሞልተውታል፤ አደራሽን ተጠንቀቂ።»

ተጠንቀቂ አላት። እናቴ ይህን ሰምታ ትከሻዋ ሲላላ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የፈተናውን ሕግ ነገራት። ጨርቁ ተቆርጦ ይሰጣታል፣ ቤቷ ወስዳ ትሰፋለች፣ በተባለችው ሰዓት ታመጣለች። ክሩን ከራሷ ታደርጋለች፤ «የክር ምርጫም ይፈተናል።» ዋናው ደግሞ ምስጢር ነው። «ፈተና ፈተና ነው። ተፈታኝ ከተፈታኝ ጋር ያወራ እንደሆነ ሁለቱንም እሰርዛለሁ። ለጎረቤትም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትዪ። ቦታው አንድ ነው፤ ዛሬ የነገርሻት ነገ ትቀማሻለች።»

እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ትክክል ነበር። በእኛም ክፍል መኮራረጅ ክልክል ነው።

የመጀመሪያው ፈተና አንድ የልጅ ሸሚዝ ነበር። «የልጅ ልብስ ጠባብ ስለሆነ የእጅ ችሎታ ይለያል» አለ። በጠመኔ አረማትና ተስፋ እንዳትቆርጥ ነግሯት ሁለተኛውን ዙር ሰጣት። ሁለተኛው የፍጥነት ፈተና ነው፤ አንድ እስር ሙሉ ሸሚዝ። ሦስተኛው የጽናት ፈተና ነው፤ እስሩ ከእኔ ይከብዳል። ሸሚዞቹ ሁሉ ሰማያዊ ናቸው፣ ሁሉም የልጅ ልክ ናቸው። ወደ ካርቶኖቹ የገባ ሸሚዝ ተመልሶ አይወጣም። የሰፋሁትን ልየው ብላ ብትጠይቅ፣ «የፈተና ወረቀት ለተፈታኝ ይመለሳል እንዴ?» አላት።

እኔ ደግሞ በቤታችን የፈተና ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ሾምኩ። እናቴ መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ እኔ በሩ ጋ በርጩማ አድርጌ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ፉጨቷ ባዶ ብርጭቆ ይዛ መጣች።

«እናትህ የለችም?»

«የለችም» አልኳት። ከኋላዬ መኪናው ትክትክትክ ይላል።

አንገቷን አዘነበለች። «መኪናው ብቻውን ነው የሚሰፋው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ መኪና ነው» አለችና ብርጭቆዋን ይዛ ተመለሰች። ሁለተኛ ስኳር ልትጠይቅ አልመጣችም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የእናቴ መኪና ሲነሳ ከግድግዳው ወዲያ ያለውም ይነሳል። እናቴ ስታቆም ያኛው ትንሽ ይጠብቅና ያቆማል። ፉጨቱ ደግሞ ጠፍቷል። ድምፅዋን አጥፍታ ትሰፋለች፤ ሌባ ካልሆነ ማን ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል?

«እማዬ፣ እየኮረጀችሽ ነው!» አልኳት በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለችኝ። ግን ፔዳሉን ይበልጥ ረገጠችው። ከግድግዳው ወዲያም ፔዳል ተረገጠ። ሁለት መኪኖች በአንድ ችፑድ ግራና ቀኝ ሽምጥ ጋለቡ፤ ፎቶው ላይ ያለው አባቴ ከነፍሬሙ ይንቀጠቀጣል።

ውሃ ቧንቧው ጋ ሲገናኙ እንዲህ ያወራሉ፦

«ሥራ በዝቶብሻል መሰለኝ።»

«የሰው ልብስ ነው ባክሽ፤ ትንሽ ጥገና።»

«እኔም ጥገና ነው።»

«እግዜር ይጨምርልሽ።»

«ለአንቺም።»

ባልዲያቸውን አንስተው ጀርባ ለጀርባ ይለያያሉ። እኔ ደስ ይለኛል። እናቴ ምስጢሯን ጠብቃለች።

ያች ሴት ምን እየሰፋች እንደነበር አሁን ማንም ይገምታል። ለሷም አንድ ቦታ ተብላለች፣ ለሷም ትንፍሽ እንዳትዪ ተብላለች፣ ለሷም ጎረቤት ትቀማሻለች ተብላለች። የእናቴን መኪና በግድግዳው እየሰማች፣ «ከእኔ ቀድማ ትጨርስ ይሆን?» ብላ እየሰጋች ትሰፋ ነበር። በከተማው ውስጥ ስንት ግድግዳ ግራና ቀኝ እንዲህ ሲሰፋ እንደነበር አላውቅም።

እኔ ነገርን በሚዛን ለማየት የምሞክር ሰው ነኝ። ስለዚያ ሰውም ብዙ አስቤለታለሁ። ምናልባት ልብሱን ያዘዘው ደንበኛ በዋጋ አንቆት ይሆናል። ምናልባት የሚያበላቸው ልጆች ነበሩት። ሁሉም ይሁን። ግን ነፃ ጉልበት የፈለገ ሰው ጉልበቱን ወስዶ መሄድ ሲችል፣ «እጅሽ ሸሸት ይላል» ማለት ምን አስፈለገው? እናቴ ከሁለተኛው ዙር በኋላ የኔን የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል ብርሃን ወዳለበት ወስዳ፣ «ቀጥ ብሏል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን። ገና የጫማ ማሰሪያ ማሰር ያልቻልኩትን ልጅ። ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ የያዘች ሴት በገዛ እጇ ላይ የነበራትን እምነት በአንድ ቁራጭ ጠመኔ ቀማት። ለዚህ የሚሆን ሚዛን እስካሁን አላገኘሁም።

ሦስተኛውን እስር የምታስረክብበት ቀን አክስቴ ከሰዓት በኋላ እንደምትመጣ ልካ ነበር፤ ስለ ፈተናው እናቴ የነገረችው ለእሷ ብቻ ነው። ትምህርት ሊከፈት ነው። ፈታኙ ለእናቴ የቀጠራት ለከሰዓት ነው፤ እናቴ ግን አክስቴ ሳትመጣ መልሱን በእጇ ለመያዝ ፈለገች። «ቀድመን ብንሄድ ምን ይለናል? ትጉህ ናት ቢለን ነው» አለች። እስሩን ተሸክማ፣ እኔ በአንድ በኩል ደግፌላት፣ ጠዋት ሄድን።

ኮሪደሩ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ፉጨቷ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ እስር አለ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

«ኮራጅ!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ መልሶ ጮኸልኝ። «እማዬ አላልኩሽም? ኮራጅ ናት!»

ፉጨቷ ተነሳች። «ማን ነው የኮረጀው? አንቺ ነሽ ልጅሽን በር ላይ አስቀምጠሽ የለችም የምታሰኚኝ! እኔ ባሌን አልጋ ላይ ጥዬ...»

«ባልሽን አታንሺብኝ!» አለች እናቴ። «ልጄ ሊወሰድብኝ ነው! አንድ ቦታ እንዳለ እያወቅሽ እኔ ላይ ትመጫለሽ? ከስንት ሰው መሃል እኔ ላይ?»

«አንቺ ላይ ማን መጣ? እኔ የመጨረሻው ዙር ላይ ነኝ! ሌሎቹ ሁሉ ወድቀው የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ ተብያለሁ!»

እስሩ ከእናቴ ትከሻ ወደ ወለሉ ተንሸራተተ።

«ምን አለሽ?»

«የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ አለኝ።»

«ለእኔ ነው እንዲህ ያለኝ» አለች እናቴ። አሁን አልጮኸችም። «በእነዚሁ ቃላት።»

ፉጨቷ ጎንበስ ብላ የእናቴን እስር ፈታችና ከላይ ያለውን ሰማያዊ ሸሚዝ አግዳሚው ላይ ዘረጋችው። ከራሷ እስር አንድ ሱሪ መዘዘች፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ የልጅ ልክ። ከሸሚዙ ሥር አስተካክላ አስቀመጠችው። ወገቡ ከወገቡ ገጠመ። አግዳሚው ላይ ራስ የሌለው ተማሪ ተጋደመ።

«ይሄ ፈተና አይደለም» አለች። «ይሄ ትዕዛዝ ነው።»

«ያለፈ ሰው አይተሻል?» አለች እናቴ። «በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ አልፋ እዚህ ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት አይተሻል?»

«ማንንም።»

ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለ ሥራ የምትጠይቀው ይህን ነው። እኔ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ፣ አንድ ድርጅት ለሙከራ ብሎ የወር ሥራ በነፃ ሊያሠራኝ ሲል በስልክ ነገርኳት። ስለ ደመወዙ አልጠየቀችኝም፣ ስለ ውሉም አልጠየቀችኝም። «ያለፈ ሰው አናግረሃል?» አለችኝ። «አላናገርክም? እንግዲያው አናግርና ግባ። ከሰው ጋር አታውራ ያለህ እንደሆነ ደግሞ መልሱን አግኝተሃል።»

ፈታኙ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ከፈተ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ሁለቱን አብረው ቆመው ሲያይ ፊቱ ትንሽ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ግን ያ ለስላሳ ድምፁ ተመለሰ።

«እህቶቼ፣ ሕጉን ነግሬያችሁ ነበር። ስታወሩ አገኘኋችሁ። ያሳዝናል፤ ሁለታችሁንም ሰርዣለሁ። እስሩን እዚህ አስቀምጡና ሂዱ።»

እኔ እንባዬ መጣ። ተሰረዝን። ሁሉም የዚያች ሴት ጥፋት ነው።

«ያንተን ያህል ዓይን ያወጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች እናቴ። ደነገጥኩ። አንተ ነው ያለችው። ፈታኝን አንተ ትለዋለች?

«ስድብ አያስፈልግም» አለ። «ምን ወሰድኩባችሁ? ሳንቲም ጠይቄያችኋለሁ? አስገድጃችኋለሁ? የፈረምኩት ውል አለ? ከፈለጋችሁ ክሰሱኝ። ጨርቁ ግን የእኔ ነው። ይዛችሁ ከወጣችሁ ሌቦች ናችሁ፤ ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ልክ ነህ» አለች እናቴ። «ጨርቁ ያንተ ነው።»

ቦርሳዋን ከፈተች። ሁሌም በወረቀት ጠቅልላ የምትይዛት ምላጭ አለች። አወጣቻት፣ ወረቀቱን ፈታችው፣ ኮሪደሩ ወለል ላይ፣ ከበሩ ፊት መውጫውን ዘግታ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ክሩ ግን የእኔ ነው» አለች። ምላጩን ትከሻው ላይ አሳርፋ ሳበችው። ስፌቱ አንድ በአንድ ተተረተረ። እጅጌው ወደቀ።

ፉጨቷ አንድም ቃል አልተናገረችም። የራሷን ምላጭ አውጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ ፈታኙ። ለስላሳው ድምፅ ጠፋ። «ኧረ ተዉ! ዛሬ ነው የማስረክበው! መኪና ታች ቆሞ እየጠበቀኝ ነው!»

«ፈተና ይረከባል እንዴ?» አለች ፉጨቷ፣ ቀና ሳትል።

ጨርቁ ላይ አንድም ጭረት አላሳረፉም። ኮሌታው ለብቻ፣ ኪሱ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ እሱ ቆርጦ እንደሰጣቸው እየደረደሩ አጠገቡ ያስቀምጡለታል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። እናቴ ሌሊትና ቀን የለፋችበትን ፈተና በገዛ እጇ ስታፈርሰው አየሁ። እያንዳንዱ የምትተረትረው ስፌት እኔን ወደ አክስቴ አውቶቡስ የሚገፋ መሰለኝ።

«እማዬ ተይ!» ብዬ እጇን ያዝኩ። «ታልፊያለሽ እኮ! ይቅርታ በይው!»

ፈታኙ ይህን ሰምቶ ተንበረከከ። ከእናቴ ጆሮ አጠገብ ሆኖ፣ ግን እኔም እንድሰማ፣ «ልጁን ስሚው» አላት። «አንቺን እቀጥርሻለሁ። አንቺን። ዛሬውኑ። እሷን ተያት፤ አንቺ ብቻ ግቢ።»

የፉጨቷ ምላጭ ቆመ። ወደ እናቴ አልዞረችም፤ ግን ቆመ።

ተቀጠረች! አልፋለች! የትም አልሄድም!

እናቴ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ያየችው እኔን ነው።

«ልጄ» አለች፣ «እጅጌውን ወጠር አድርገህ ያዝልኝ። ሲላላ ጨርቁን ይቆርጥብኛል።»

እምቢ አልኩ። እንደገና አለችኝ። እያለቀስኩ ያዝኩ። ምላጩ በሁለት እጆቼ መካከል አለፈ። ከአጠገባችን የፉጨቷ ምላጭ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ታች መኪናው ጥሩንባ ነፋ፤ ደጋግሞ ነፋ፤ በመጨረሻ ሄደ። ፈታኙ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። ለፖሊስ አልደወለም።

ስንጨርስ እናቴ ክሩን ሁሉ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለምንም የማይሆን የተቆራረጠ ክር ነው። ትታለት ለመሄድ ግን አልፈለገችም።

እኔ አክስቴ ቤት ሄድኩ። እዚያ ተምሬ ክፍል አለፍኩ፣ ጥርስ ነቀልኩ፣ የጫማ ማሰሪያ ማሰር የተማርኩትም እዚያ ነው፤ ከእናቴ ሳይሆን ከአክስቴ። እናቴና ፉጨቷ በአንድ ክፍል ሁለት መኪና አስገብተው የሰፈሩን ልብስ መስፋት ጀመሩና ነገሩ እግሩን እስኪተክል፣ እኔንም እስክትመልሰኝ ድረስ ጊዜ ወሰደ። ያ ጊዜ የእኔና የእናቴ ነበር። ያንንም ሰውዬው ከሸሚዙ ጋር ጠቅልሎ ነው የወሰደው። ለዚህ ምን ይተረተራል?

የዚያን ቀን ከሰዓት አክስቴ ስትመጣ እናቴ ልብሴን እያጣጠፈች ነበር። አክስቴ ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፈተናውስ?» አለች።

ከእናቴ ቀድሜ፣ «ወደቀች!» አልኩ። ቂም ይዤ ነበር። «አስተካክላ መስፋት አትችልም። ወደቀች!»

እናቴ የያዘችውን ልብስ ጣለችው። እኔን እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

«ና እዚህ። ምን አልክ?»

«ወደቅሽ።»

«አልወደቅኩም» አለች። ሁለት ትከሻዬን ያዘች። «ተሰረቅኩ። ሰው የጠየቀህ እንደሆነ እንዲህ ነው የምትለው። እስቲ በል።»

አፈርኩ። አክስቴ ቆማለች።

«በል!»

«ተሰረቅሽ።»

«አልሰማሁም።»

«ተሰረቅሽ!»

«ጮክ በል!»

«እማዬ ተሰረቀች!» ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። እንባዬ አፌ ውስጥ ገባ። ችፑዱ ተንቀጠቀጠ።

ከግድግዳው ወዲያ ፉጨቷ በጡጫዋ ደበደበችው።

«እኔንም ጨምር!» አለች።

ጨመርኳት።